ለአዳማው ማስተር ምስጋና፣ የጭነት መኪና ላላችሁ ሁሉ ደግሞ ጥቆማ

አይሱዙም ሆነ ሌላ የጭነት መኪና ያላችሁ፣ በተለይ አዳማና አካባቢዋ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ። መካኒክ አገኘሁ። መካኒክማ ሞልቷል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም በሞላ መካኒክ መሃል ነው የተቃጠልኩት። አሁን ያገኘኋቸው ሰው ግን ሌላ ናቸው፤ ዝም ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

አራት አይሱዙ አሉን፤ ሁለቱ ትልቁ ኤፍ ኤስ አር፣ ሁለቱ አነስ ያለው ኤን ፒ አር። ከበቆጂ፣ ከአሰላ፣ ከኢተያ ስንዴ እየጫኑ አዳማ ላሉ ዱቄት ፋብሪካዎች ያራግፋሉ። ባለቤቴ ከረዳትነት ተነስቶ፣ ሾፌር ሆኖ፣ አንድ አንድ እያለ ያፈራቸው ናቸው። ማታ ግቢ ሲገቡ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በድምፃቸው ብቻ የቷ እንደመጣች ይነግረኝ ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግራ እጁና እግሩ አይታዘዙለትም፣ ንግግሩም ይያዝበታል። ስምሪቱም፣ ጥገናውም፣ የሾፌሮቹም ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ።

ጋራዥ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። የማንንም ስም አላነሳም፤ ፈጣሪ ያውቃቸዋል። አንዷ ኤፍ ኤስ አር ሞተሯ ይግል ነበር። ዳገት ስትጀምር ሾፌሩ ጥግ ይይዝና ጀሪካን ይዞ ከየቤቱ ውኃ ሲለምን ያመሻል። አንዱ ጋ ስንወስዳት ጓርኒሲዮኑ፣ ማለት በሞተሩና በክዳኑ መሃል የሚገባው ማሸጊያ ነው ተባለ፤ ሞተሩ ተከፈተ፣ ከፈልን፣ ተዘጋ። ጋለች። ሌላው ጋ ወሰድናት። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፣ ያ ፊተኛው መካኒክ ነው ያበላሸባችሁ አሉን፤ ተከፈተ፣ ከፈልን፣ ተዘጋ። አሁንም ጋለች። በዚህ መሃል ደህናው ባትሪያችን ወጥቶ የሞተ ባትሪ ተገጥሞ አገኘን። ስንጠይቅ፣ ይዛችሁ የመጣችሁት ይሄንኑ ነው አሉ። መለዋወጫ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይተመን ከተባለ ጀምሮ፣ የማይቀመስ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደህና ዕቃ አውልቆ አዲስ ግዢ የሚል ሰው እንቅልፍ እንዴት ይወስደዋል?

ከገንዘቡ ይልቅ የቆረጠኝ ሌላ ነው። የተለወጠውን ዕቃ አሳዩኝ ስል፣ "ይሄ ለሴት አይገባም፣ ባልሽን ላኪው" ያለኝ ሰው አለ። ባለቤቴ አልጋ ላይ ነው። ምን ብዬ ልመልስለት? ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ያለቀስኩት መኪናው ውስጥ ነው።

ማስተርን የጠቆመኝ ከሾፌሮቻችን አንዱ ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ብለው ስለለመኑኝ ሾፌሮቹ እንደሚጠሯቸው ማስተር እላቸዋለሁ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የትልልቅ ትራንስፖርት ድርጅቶችን መኪኖች ሲጠግኑ ኖረው ነው የራሳቸውን ጋራዥ የከፈቱት።

የምትግለዋን መኪና ስንወስድላቸው መፍቻ እንኳ አላነሱም። ሾፌሩን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ጠየቁት፤ ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይም? ጭነት ይዛ ነው ወይስ ባዶዋንም? ጠዋት ነው ወይስ ቀትር ላይ? ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ወፍራሙን ጎማ ቱቦ በመዳፋቸው እየያዙ ቆዩ፤ ታች ይነካሉ፣ ላይ ይነካሉ። ያገኙትን ዕቃ ስም ነግረውኛል፤ አልያዝኩትም። በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት። ተቀየረች፣ አለቀ። ሞተሩ ሳይከፈት! ያን ሁሉ ገንዘብ የበላብን ችግር ይኸው ነበር። የተለወጠችውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ "የራስሽ ንብረት ናት፣ ብትፈልጊ ጣያት" አሉኝ። እስከዛሬ ከእሳቸው ጋራዥ አሮጌ ዕቃዬን ሳልረከብ ወጥቼ አላውቅም።

አሁን አራቱም መኪኖች በእሳቸው እጅ ናቸው። ለእያንዳንዷ ታርጋዋ የተጻፈበት ደብተር አላቸው። ዘይት የተቀየረበት ኪሎ ሜትር፣ ፊልትሮ፣ ጎማ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ራሳቸው ደውለው ይጠሩናል፤ ስንዴ የሚጫነው ከየገጠሩ በኮረኮንች መንገድ ስለሆነ የአየር ፊልትሮውን ደግሞ ከዚያም ቀድመው ያያሉ። "የሥራ መኪና ከተበላሸ በኋላ አይደለም የሚታከመው" ይላሉ። ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ድሮ ስንቱን ነበር የምንሯሯጠው! ዘንድሮ መኪኖቹ ገብተው ወጡ፣ ቦሏቸውን ለጠፍን።

አንድ ቀን ግን በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የስንዴ ወቅት ነበር፤ ኅዳር ላይ። መኪናዋ ዘይት ለመቀየር ብቻ ገባች፤ ማታ አሰላ ወጥታ አድራ ሌሊት መቶ ኩንታል መጫን አለባት። ማስተር አጠገቧ ሲያልፉ የሆነ ነገር ሸተታቸው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብለው ጎማውን አስወለቁ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ኖሯል። ጠሩኝና ጣቴን ታምቡሩ ላይ፣ ሸራው እየተጫነ ጎማውን የሚያቆምበት ክብ ብረት ላይ፣ እንዳሳርፍ አደረጉኝ። እንደ እርሻ ትልም ቦይ ቦይ ሆኗል፤ ከሙቀት ብዛት ብረቱ ሰማያዊ አውጥቷል። "ይቺ መኪና መቶ ኩንታል ይዛ ከኢተያ ወደ ዴራ አትወርድም" አሉ። ከአሰላ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ያን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ አዳማ 1,600 ገደማ፤ ያ ሁሉ ከፍታ በ75 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው የሚወረደው። ፍሬን ረግጦ ብቻ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይከዳል። ሰዉ አይሱዙን በአደጋው ብዛት አልቃይዳ ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም።

ነጋዴው በስልክ ይጮህብኛል። ስንዴዬ ሜዳ ላይ ነው፣ ዝናብ ቢመጣ ማን ይከፍለኛል፣ ሌላ መኪና ልፈልግ ወይ። ማስተር እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ስልኩን ተቀበሉኝ። "ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ያስቀረኋት፣ እሷን አትቆጣት። ነገ ትጭናለች። ዛሬ ከጫነች ግን ስንዴውም ልጁም ላይደርሱ ይችላሉ" አሉት። ልጁ ያሉት ሾፌሩን ነው። ነጋዴው ዝም አለ። ከዚያ ረዳቶቻቸውን ይዘው በባውዛ መብራት እየሠሩ አመሹ፤ የተቦረቦረውንም ታምቡር ለውጠው፣ የቀሩትን ጎማዎችም ከፍተው አይተው፣ ራሳቸው ነድተው ሞክረው ነው ያስረከቡኝ። የማታውን ሥራ አላስከፈሉኝም፤ የዕቃውን ብቻ ነው የተቀበሉት። ሾፌራችን የሁለት ልጆች አባት ነው። ሚስቱ ይሄን ስትሰማ ዳቦ ደፍታ ይዛላቸው ሄደች።

ሌላም አለ፤ ይሄን ስጽፍ እንባዬ እየቀደመኝ ነው። ባለቤቴ ከታመመ ወዲህ ስለ መኪኖቹ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ማስተር አንድ ቀን ስልክ ደወሉለት። ሞተሩን አስነስተው ስልኩን አስጠጉና "ወንድሜ፣ እስቲ ስማት፣ ይሄ ድምፅ ምን ይመስልሃል?" አሉት። ባለቤቴ ቃል ማውጣት ይቸግረዋል። እኛ የቤት ሰዎች እንኳ ሲያስጨንቀን ቃሉን ቀድመን እንጨርስለታለን። እሳቸው ግን አልቀደሙትም። ጠበቁት። ብዙ ታግሎ "ቺንጊያ" አለ፤ ሞተሩ ላይ የሚዞረውን ቀበቶ ማለቱ ነው። "ልክ ብለሃል፣ እኔም እሱን ነው የጠረጠርኩት" አሉት። ያን ቀን ምሳውን በራሱ እጅ በላ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይደውሉለታል፤ የመኪኖቹን ነገር ሳያማክሩት ትልቅ ሥራ አይጀምሩም። ይሄን ማን አዘዛቸው? ማንም።

ማስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ ልጆችዎ ይባረኩ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው።

እናንተ ደግሞ መኪናችሁ መንገድ ላይ እየቆመች የምትቸገሩ፣ ከጋራዥ ጋራዥ የምትንከራተቱ፣ በተለይ እንደ እኔ በድንገት ይሄ ሥራ እጃችሁ ላይ የወደቀ እህቶች፣ ውሰዱላቸው። እባካችሁ ውሰዱላቸው። እንደ ሰው ያናግሯችኋል፤ የገባችሁን ያህል ያስረዷችኋል፣ ያልገባችሁን ደግሞ ደግመው ያሳዩአችኋል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። እሑድ አይሠሩም። ከኅዳር እስከ ጥር ወረፋ ስለሚበዛ ለስንዴው ወቅት መኪናችሁን ማዘጋጀት የምትፈልጉ ጥቅምት ላይ ብትሄዱ ይሻላል። ዋጋ እንዲቀንሱላችሁ ደግሞ አትከራከሯቸው፤ የሚጠይቁት የሚገባቸውን ብቻ ነው።