የጀነሬተር ባትሪ ላስቸገራችሁ የደሴ ሰዎች

ደሴ ውስጥ ጀነሬተር ያላችሁ ሁሉ ይህን ጀነሬተር የሚጠግን ልጅ እወቁልኝ። «ስሜን እንዳታወጪ» ስላለኝ አልጽፈውም፤ ሳላመሰግነው ግን አላልፍም።

ፋርማሲዬ አራዳ አካባቢ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበት ኢንሱሊን ስላለ፣ መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ መነሳት አለበት። ሰሞኑን ግን ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር እምቢ አለ። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ዞር ዞር ብሎ አየና «ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ግዢ» ብሎኝ ሄደ። የባትሪ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ።

ይሄኛው «አብሽሪ፣ መጀመሪያ እንለካው» አለ። 12.1 ቮልት አሳየ። በደንብ የሞላ 12.6 ገደማ ስለሚያሳይ፣ ባትሪው አልሞላም እንጂ ሞተ አይባልም። ጀነሬተሩ ቆሞ ሲውል በመብራት ባትሪውን የሚሞላው ቻርጀር ለካ ፊውዙ ተቃጥሏል! ቻርጀሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ 13.5 አካባቢ መነበብ እንዳለበት አሳየኝ፤ 12 ቤት ውስጥ ከቀረ እየሞላ አይደለም።

በዚህ አላበቃም። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ከባትሪው ላይ ብቅ ያለው የእርሳስ ራስ ላይ፣ ሌላውን እሱን የጨበጠው ብረት ላይ አድርጎ «አስነሺው» አለኝ። በሁለቱ መሀል ከ1 ቮልት በላይ! ምንም ማለት ይቻላል መነበብ አልነበረበትም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጋ መድረስ የነበረበት ኃይል እዚያው ዝገቱ ላይ ይቀር ነበር። ኔጌቲቩን አስቀድሞ ፈታ፣ ነጭ አረንጓዴውን ቅርፊት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥቦ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፣ አጥብቆ አሰረና ቫዝሊን ቀባው። ባትሪው ውስጥ ለጎደለው የተጣራ ውሃ ብቻ ጨመረ። አሲድ ልግዛ ብለው «የሚተነው ውሃው ነው እቴ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሌሊቱን ሞልቶ አደረ። ጠዋት በዚያ የቶሳ ተራራ ብርድ ጀነሬተሩ ሲነሳ ቮልቱ ከ10 አልወረደም። «ከ9.6 በታች ቢወርድ እኔው ራሴ ለውጪው እልሽ ነበር» አለኝ። የእጁንና የፊውዙን ብቻ ተቀበለ፤ አላህ ይስጠው።

ቀጠሮ ላይ ያረፍዳል፣ አልደብቃችሁም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥር ቶሎ ቶሎ አስለኩ። ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እናንተም ጋ ይወርዳል፣ ትራንስፖርቱን ግን ቻሉለት።