የ1,000 ዶላሩ መጽሐፍ ቅዱስ ወይስ የካርተር ፊርማ?

«የትራምፕ ፊርማ ያለበትን መጽሐፍ ቅዱስ ልግዛው ወይ?» የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል፤ በተለይ ከዲሲ አካባቢ ልጆች። ለፊርማው ብላችሁ ከሆነ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ለመጽሐፉ ብላችሁ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አትበትኑ።

እስቲ ዕቃውን እንየው። ስሙ «ጎድ ብለስ ዘ ዩኤስኤ ባይብል» ነው። እ.ኤ.አ. በ2024፣ በፈረንጆቹ የሕማማት ሳምንት፣ ትራምፕ ራሳቸው ወጥተው አስተዋወቁት። በዚያው ዓመት መደበኛው 59.99 ዶላር ነበር፣ በእጅ የተፈረመው ደግሞ 1,000 ዶላር። ውስጡ ያለው ኪንግ ጄምስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ እሱን ስልካችሁ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት፣ የነፃነት አዋጁ፣ ለባንዲራ የሚገባው ቃል እና የአሜሪካዊው ዘፋኝ የሊ ግሪንዉድ ዘፈን አዝማች ተጨምረውበታል። ሰማንያ አሐዱን የለመደ ሰው ሄኖክንና ኩፋሌን ፈልጎ ያጣና ሕገ መንግሥት ያገኛል ማለት ነው። አሶሼትድ ፕሬስ የጉምሩክ መረጃ አገላብጦ እንደዘገበው ከቻይናዋ ሃንጆ የመጡት ቅጂዎች አንዱ ከ3 ዶላር በታች ነው የተገመተው። በመደበኛውና በተፈረመው መካከል ያለው 940 ዶላር እንግዲህ የእስክሪብቶ ዋጋ ነው።

እውነት ለመናገር የእኚሁ ሰው ሌላ ፊርማ ቢገኝ ዓይኔን አላሽም። መጋቢት 2019 አላባማ ውስጥ አውሎ ነፋስ 23 ሰው ገድሎ ነበር። ትራምፕ ሊያጽናኑ ሄደው ኦፔላይካ በሚገኝ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰዎችን መጽሐፍ ቅዱስ ፈረሙ። ያኔ «እንዴት ቅዱስ መጽሐፍ ላይ ይፈረማል!» ተብሎ ጉድ ተባለ። ለሰብሳቢ ግን ያኛው መጽሐፍ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ከጀርባው ሐዘን አለ። የ1,000 ዶላሩ ያለው ደረሰኝ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ነውር ነው የሚሉትን ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልቀበላቸውም። እኛስ ጋ? ነገሥታቱ ለገዳም ጉልት ሲሰጡ ስጦታው የሚመዘገበው በወርቅ ወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ አልነበረም እንዴ፣ ያውም መሬቱን የነካ ሰው ውጉዝ ይሁን ከሚል ማስፈራሪያ ጋር! ልዩነቱ የኛው ንጉሥ ስሙን ወንጌል ላይ ሲያስጽፍ መሬት ሰጥቶ ነው፤ እዚህ ከፋዩ እኛ ነን።

አሁን ወደ ቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ወደ ጂሚ ካርተር ልምጣ፤ እኔ የምመክረው እሳቸውን ነው። ሰውየው ከዋይት ሐውስ ከወጡ በኋላ ፕሌይንስ፣ ጆርጂያ በሚገኘው ማራናታ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ሲያስተምሩ ኖሩ፣ ከ90 ዓመታቸው በኋላም ጭምር። ስለ እምነታቸው የጻፏቸው መጻሕፍት አሉ፣ ብዙ ቅጂም ፈርመዋል። ለእኛ ደግሞ እንግዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1989 የደርግንና የሻዕቢያን ሰዎች አትላንታ ላይ ያገናኙ፣ ማዕከላቸውም አማራ ክልል ውስጥ ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ ሲታገል የኖረ ነው። የተፈረመ መንፈሳዊ መጽሐፋቸው ከ1,000 ዶላር በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ፊርማው ብዙ ጊዜ «ጄ ካርተር» የምትል አጭርና ፈጣን ናት፣ ውበት አትጠብቁባት።

ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። እኔ ኦንላይን ያዘዝኩበት አንድ ሻጭ «የተፈረመ» ብሎ የላከልኝ ፊርማው በተለጣፊ ወረቀት ላይ ያለና ከውስጥ የተለጠፈ ነበር። መልሼ ላክሁለት፤ ገንዘቤን ሲመልስ የፖስታውን ቆርጦ አስቀረብኝ፣ ተበሳጭቼ ተውኩት። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የገጹን ጥርት ያለ ፎቶ ጠይቁ። የሰው እጅ አንዴ ይጫናል፣ አንዴ ይለቃል፣ ቀለሙም እንደዚያው ይወፍራል ይቀጥናል። ፊርማ የሚገለብጥ ማሽን የፈረመው መስመር ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፣ መነሻውና መድረሻው ላይም ነጥብ ነገር ይቋጥራል። ሁለት ቅጂ ላይ ያለው ፊርማ አንዱ በሌላው ላይ ልክክ ካለ ሽሹ፤ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም። ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የታደለውን ትንሽ አዲስ ኪዳን «ሩዝቬልት የፈረመበት» የሚላችሁ ካለ ደግሞ ውስጡ ያለው የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ በእጅ የተጻፈ ሳይሆን የታተመ መሆኑን አስታውሱት።

ሕልሜ ምን እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986፣ አሜሪካ ለኢራን በድብቅ የጦር መሣሪያ በምትሸጥበት ሰሞን፣ ሬገን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ገላትያ 3፥8ን («በአንተ አሕዛብ ሁሉ ይባረካሉ» የሚለውን) በእጃቸው ጽፈው ፈርመው ለኢራኖች ተላከ። የያኔው የኢራን ፓርላማ አፈ ጉባኤ ራፍሳንጃኒ በ1987 መጀመሪያ ለጋዜጠኞች አውጥተው አሳዩት። ያ መጽሐፍ ገበያ ላይ ቢወጣ እንኳ የእኔ ኪስ አይችለውም፣ ስለዚህ ለጊዜው ካርተርን ይዣለሁ።