ለጎጃም የሞተር ሱቅ፦ ሆንዳ፣ ሎንሲን፣ ስቲል ወይስ ሁስክቫርና?

ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም መራዊ ላይ የውሃ ፓምፕ፣ የጀነሬተርና የሞተር መጋዝ ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኦሪጅናል ልያዝ ወይስ ቻይና?» ብሎ ነው። ለገበሬው ይህ ሙሉ ጥያቄ ነው፤ አንድ ሞተር ገዝቶ ይሄዳልና። ባለሱቁ ግን ከሞተሩ ጋር ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮኑን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባውን ማሸጊያ)፣ ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) እና የመለኮሻ ገመዱን ይገዛል። ከመደርደሪያው ላይ የሚተኛው ገንዘብም የሱ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያን ጊዜ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ መተካት ያቃተው ሱቅ ጥቂት አልነበረም። ስለዚህ የማወዳድረው ማሽኖቹን ብቻ ሳይሆን ከኋላቸው የሚጎትቱትን መለዋወጫ ጭምር ነው።

በመጀመሪያ ገዢው ማን እንደሆነ ይለዩ። መራዊ ላይ የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ ውሃው በቦይ ቁልቁል ስለሚወርድ የቦዩ ተጠቃሚ ፓምፕ አይፈልግም። ፓምፕ የሚገዛው ከቦዩ ውጭ ያለው፣ ከወንዝ ዳር ወይም ከጉድጓድ ሽንኩርትና ድንች የሚያጠጣው ነው። ቡሬና ጃቢ ጠህናን የበቆሎ አገር ስለሆነ የመፈልፈያ ሞተር ይጠየቃል። አዊ ላይ ባሕር ዛፍ አለ፤ መጋዙ እዚያ ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተር ፈላጊ ነው።

ሆንዳና የቻይና ዘመዶቹ

ሆንዳ የጂኤክስ ሞተሮቹን ማምረት የጀመረው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት የቻይና ትንንሽ ቤንዚን ሞተሮች አብዛኞቹ የዚያ ንድፍ ልጆች ናቸው። ጂኤክስ 160 የሚባለው 163 ሲሲ ሲሆን ጂኤክስ 200 ደግሞ 196 ሲሲ ነው። የሁለቱም ፒስተን ስፋት 68 ሚሊሜትር ነው። ቻይናዎቹ «168ኤፍ» የሚሉት የዚሁ አቻ ሲሆን «170ኤፍ» የሚሉት ፒስተኑን ወደ 70 ሚሊሜትር ያሰፉት ነው። ሎንሲን፣ ሊፋንና ዞንግሸን ሦስቱም የቾንግቺንግ ከተማ ፋብሪካዎች ናቸው። ሎንሲን ለቢኤምደብሊው ሞተር ብስክሌቶች ሞተር የሠራ ድርጅት ስለሆነ «ቻይና» ሁሉ አንድ አይደለም።

ለባለሱቅ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካው ስም በራሱ ሞተር ላይ ያለበት ዕቃና አስመጪው ስሙን ብቻ ያስለጠፈበት ዕቃ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለተኛው ግን ዘንድሮ ከአንድ ፋብሪካ፣ ለከርሞ ከሌላ ሊመጣ ይችላል። ቀለሙና ስሙ ሳይለወጥ ካርቡራተሩ አልገጥም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ብሆን ርካሽ ቢሆንም ሞተሩ ላይ የፋብሪካ ስም የሌለውን አልይዝም።

ሆንዳስ? ሞተሩ ዕድሜ አለው፤ ዘይቱ ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያም አለው። ርካሽ ቻይና ሲገዙ ይህ መከላከያ መኖሩንና መሥራቱን እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ይፈትሹ። ይሁንና የሆንዳ ስም እጅግ የሚኮረጅ ነው፤ አንድ ፊደል የተለወጠበት፣ ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባ ሞተር ሞልቷል። ሆንዳ ራሱ በጃፓን፣ በታይላንድና በቻይና ስለሚያመርት «ቻይና የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ፎርጅድ መሆኑን አያሳይም። ከሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ተከታታይ ቁጥር ይዩ፣ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፤ አስመጪው ደረሰኝ ላይ ቁጥሩን ካልጻፈ ይተዉት። አነስተኛ ሱቅ ሆንዳን በብዛት ባይደረድር ይመረጣል። ለማኅበር፣ ለፕሮጀክትና ለጨረታ ገዢ በትዕዛዝ ቢያመጣ ይበቃል።

የዘይቱን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የእነዚህ ሞተሮች የመጀመሪያ ዘይት ለውጥ በ20 ሰዓት ሥራ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ። በቀን 8 ሰዓት ለሚያጠጣ ገበሬ 20 ሰዓት በሦስተኛው ቀን ይሞላል! የሚያስፈልገው ግማሽ ሊትር ትንሽ ያለፈ ዘይት ነው። ዘይቱን ከፓምፑ ጋር አብሮ የሚሸጥ ሱቅ «ዕቃህ አይረባም» ተብሎ የሚመለስበት ጥቂት ነው።

ተለጣፊው ላይ ያለው ቁጥርና የጎጃም ከፍታ

የ3 ኢንች ፓምፕ ላይ «በሰዓት 60 ሜትር ኩብ፣ ከፍታ 30 ሜትር» የሚል ይለጠፋል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው አይገኙም። 60ው ውሃው ወደ ላይ ምንም ሳይገፋ የሚገኝ ነው፤ 30 ሜትር ላይ ደግሞ ጠብ የሚል ውሃ አይኖርም። የሆንዳው 3 ኢንች በወረቀቱ 23 ሜትር ብቻ ይላል፤ ከቻይናው ያነሰ ይመስላል፤ ገዢው በዚህ እንዳይታለል ባለሱቁ ማስረዳት አለበት።

ከዚህ የሚብሰው ከፍታው ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ናቸው። ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው፤ «2.5 ኪሎዋት» የተባለ ጀነሬተር 1.8 አካባቢ ቢሰጥ አይገርምም። ሆንዳ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር የካርቡራተሩ የነዳጅ ቀዳዳ እንዲቀየር ይመክራል። ይህን ቀዳዳ አብሮ የሚያቀርብ አስመጪ ካገኙ ሲያወዳድሩ አንድ ነጥብ ይጨምሩለት። ፓምፕ የሚስብበት ጥልቀትም ያንሳል፤ አየሩ ስለሳሳ ብቻ ባሕር ዳር ላይ 2 ሜትር ያህል ይቀነሳል። «8 ሜትር ይስባል» የተባለውን ከ6 ሜትር በላይ ለሚጠልቅ ጉድጓድ አይሽጡ።

ናፍጣ

በአጭሩ፦ አየር የሚያቀዘቅዘው 186ኤፍ የሚባለው ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል፤ ግን ከባድ ነው፣ ከወንዝ ወደ ማሳ ተሸክሞ ማመላለስም ያስቸግራል። ባለ 12 ፈረስ ጉልበቱ ኤስ195 በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ የሚጠገን፣ መለዋወጫው ርካሽ የሆነ አሮጌ ጠንካራ ሞተር ነው። ለወፍጮና ለመፈልፈያ እሱን ይያዙ፤ ሌላ ናፍጣ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም።

መጋዝ፦ ስቲል ወይስ ሁስክቫርና

እዚህ ላይ ቻይና የምመርጥበት ምክንያት የለኝም፤ መጋዝ እጅ ላይ የሚሰበር መሣሪያ ስለሆነ። ጀርመኑ ስቲልም ስዊድኑ ሁስክቫርናም ለባሕር ዛፍ ይበቃሉ። የሚለያዩት በሱቁ ውስጥ ነው። የስቲል ኤምኤስ 381 ሰንሰለት ውፍረት 1.6 ሚሊሜትር ሲሆን የሁስክቫርና 365 ግን 1.5 ነው። የአንዱ ሰንሰለት ከሌላው ምላስ (ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ረጅም ብረት) ጋር በትክክል ስለማይገጥም ሁለቱን መያዝ ሰንሰለትና ምላስ በእጥፍ መያዝ ነው።

የነዳጁ ቅልቅልም ይለያል። ስቲል በራሱ ዘይት 1 ለ50 (አንድ እጅ ዘይት ለ50 እጅ ቤንዚን)፣ በሌላ ዘይት 1 ለ25 ይላል፤ ሁስክቫርና በራሱ 1 ለ50፣ በሌላ 1 ለ33። ለ20 ሊትር ጀሪካን ቤንዚን ሲሰላ ዘይቱ በ1 ለ50 400 ሚሊ ሊትር፣ በ1 ለ25 800 ሚሊ ሊትር፣ በ1 ለ33 ደግሞ 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱን ስም የሚሸጥ ሱቅ ለደንበኛው አንዱን ከሌላው ሳያደናግር ማስረዳት አለበት፤ ያልገባው ደንበኛ ደግሞ ፒስተን አቃጥሎ ይመጣል። ስለዚህ አንዱን ይምረጡ። ምርጫው ከተማዎ ያለው መካኒክ እጁ የለመደውን መከተል ነው፤ አዊ ውስጥ መጋዝ የሚጠግነውን ሰው ሄደው «የትኛውን ብዙ ትከፍታለህ? ምኑ ይበላሻል?» ብለው ይጠይቁ። ስቲል መጋዙን ጥገና በሚሰጡ ነጋዴዎች በኩል መሸጥን ለረጅም ጊዜ መመሪያው ስላደረገ፣ መካኒክ የሌለው ሱቅ ዕቃውን ቢያገኝም ግማሹን ሥራ አልሠራም።

ስንት ስም?

አንድ ፋብሪካውን የሚያውቁት የቻይና ቤንዚን ሞተር፣ ኤስ195፣ አንድ መጋዝ፣ ሆንዳ በትዕዛዝ። ከዚህ በላይ አልመክርም። አንድ ብራንድ ዛሬ ቢያዋጣም ነገ አምራቹ ሊተወው ይችላል፤ ሱባሩ ሮቢን ሞተሮቹን ማምረት ያቆመው በ2010 ዓ.ም. መባቻ ነው። ስለዚህ ከአስመጪው ጋር ሲዋዋሉ ለአሥር ሞተር ምን ያህል ፋሻ፣ ጓርኒሲዮንና የፓምፕ «ሲል» (ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን) እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ያስቀምጡ። መንገድ ለሳምንታት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አይኖርም፤ ያን ጊዜ ሱቁን የሚያቆየው ቀድሞ የገባው መለዋወጫ ነው። አስመጪው «ሞተሩን ውሰድ፣ ዕቃው በኋላ ይመጣል» ካለ ሌላ አስመጪ ይፈልጉ።