መንገድ ዳር «የተዳቀለ» ችግኝ ስትገዙ መጀመሪያ ፕላስቲኩን ፍቱ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ቅዳሜና እሁድ ወደ መርሳ ወረድ ብሎ ፍራፍሬ ጭኖ መመለስ የተለመደ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በወልድያው አስፋልት ከደሴ 90 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። ዙሪያዋም የግራና ሸለቆም በመስኖ የሚለማ የፍራፍሬ አገር ነው። ማንጎውና ብርቱካኑ ከተጫነ በኋላ መንገድ ዳር የተደረደረ ችግኝ ይታያል፤ «ለግቢዬም አንድ ሁለት ልያዝ» ይባላል። ይህ ማስጠንቀቂያ ለዚያች ሰዓት ነው፤ ለመርሳ ብቻ ሳይሆን ችግኝ በመንገድ ዳር ለሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ይሠራል።

የተዳቀለ ማለት ከተመረጠ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተቀጠለበት ነው። ማታለያው ቀላል ነው። ከፍሬ የበቀለ ተራ የማንጎ ወይም የአቮካዶ ችግኝ ግንዱ ላይ ፕላስቲክ ይጠመጠምበትና በተዳቀለ ዋጋ ይሸጣል። የተዳቀለ ማንጎ በሦስትና በአራት ዓመት ፍሬ ይጀምራል፤ ከፍሬ የበቀለው ስድስትና ሰባት ዓመት ያስጠብቃል፤ አቮካዶ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ይባስ ብሎ ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም። ሀስ የሚባለውን የአቮካዶ ዝርያ ፍሬ ብትተክሉ የሚወጣው ዛፍ ሀስ አይሆንም። ስለዚህ ችግኙ ካልተዳቀለ «ሀስ ነው» የሚለው ስም ባዶ ነው። ነገሩ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ የሚከሰስ ሻጭም አይገኝም።

እንግዲህ ግንዱን ከአፈሩ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ እዩት። በትክክል የተዳቀለ ከሆነ ሁለት ቅርፊት የተገናኘበት ጠባሳ አለ፤ ብዙውን ጊዜ እንደ ሽብልቅ ወደ ታች የሾለ ነው፤ ቦታው ትንሽ ያበጠ፣ የላይኛውና የታችኛው ቅርፊት ቀለምም የሚለያይ ነው። የውሸቱ ግን በምላጭ ጫር ተደርጎ የተሸፈነ አንድ ወጥ ግንድ ነው። ይህን ለመለየት ፕላስቲኩ መፈታት አለበት። «አይነካም፣ ይደርቃል» ካሏችሁ አስቡበት፦ የተቀጠለው ከግንዱ ጋር ተጋጥሞ የያዘ ችግኝ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ፕላስቲኩ ካልተፈታለት ጭራሽ ይታነቃል። የማይፈታ ከሆነ ወይ የውሸት ነው፣ ወይ ገና አልያዘም። ሁለቱም የሚገዛ አይደለም።

ገና ያልያዘው ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ከላይ የተቀጠለው ቅርንጫፍ በራሱ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ሁለት ሦስት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ በዚያ ሰሞን ሲሸጥ ሕያው ይመስላል፤ ቤት ከደረሰ በኋላ ይጠቁራል። ዋስትናው ከመገናኛው በላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያቆጠቆጠ፣ የጠነከረ ቅጠል ማየት ነው። ቅጠሉ ከየት እንደወጣ በጣታችሁ እየተከተላችሁ እዩ። ከመገናኛው በታች የወጣ ለምለም ቅጠል የታችኛው ዛፍ ነው፤ የተቀጠለው ሞቶ የታችኛው ብቻ ያማረበት ችግኝ ከሁሉም በላይ የሚያምር ሊሆን ይችላል። ሻጩ «አብሽር፣ በሁለት ዓመት ትበላለህ» ቢልም።

ከዚያ ከረጢቱን ተመልከቱ። የግንዱን ሥር በቀስታ ይዛችሁ ስታነሱ ከአፈሩ ጋር አንድ ሆኖ መነሳት አለበት። አፈሩ ከተንቀሳቀሰ ወይም ግንዱ ከወለቀ፣ ችግኙ ከመሬት ተነቅሎ ለገበያ ሲባል ከረጢት ውስጥ የገባ ነው፤ ቀጫጭን ሥሩን እዚያው ጥሎ መጥቷል። በተቃራኒው ሥሩ ከረጢቱን በስቶ ወጥቶ ከታች ተጠምጥሞ ከሆነ ችግኙ አርጅቷል ማለት ነው፤ ሥሩ ተጠምጥሞ ከቀረ ዛፉ በነፋስ ይወድቃል። ቅጠሉን ከላይም ገልብጣችሁም እዩ። ነጫጭ እንደ ቅርፊት የተጣበቁ ነጠብጣቦች ካሉበት አትግዙት። ነጩ የማንጎ ተባይ በአገራችን መጀመሪያ የታየው በምሥራቅ ወለጋ በ2002 ዓ.ም. ነው፤ የሚዛመትበትም አንዱ መንገድ ችግኝ ነው። አንድ ችግኝ የጎረቤትን ሁሉ ማንጎ ሊያስይዝ ይችላል።

ሌላው ኪሳራ ማታለል ሳይኖርበት የሚመጣ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም፣ ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናቸው፤ መሐላቸው የሐረጎ ዳገት ነው። ቆላ ቀመስ ከሆነው መርሳ የመጣ ማንጎ ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ይሆናል፤ ደሴ ላይ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ለጋውን ይፈጀዋል፣ ቢተርፍም ፍሬ አይሰጥም። የደሴ ሰው ማንጎ ይተውና አፕል ይፈልግ፤ ያውም ብዙ ብርድ የማይጠይቁትን አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉትን ዝርያዎች፣ ሁለቱንም አብሮ፤ አንዱ የሌላውን አበባ ካላገኘ ፍሬው ያንሳል። «አንዱ ብቻውን ይበቃል» የሚል ሻጭ ፍሬውን ነው የሚያሳንስባችሁ።

ፓፓያ ላይ ደግሞ አጭር ነው፦ ችግኝ ሳለ ወንድና ሴቱ አይለይም፤ «ሴቷን መርጬልሃለሁ» ማለት ውሸት ነው። ጉድጓድ ላይ ሦስት ተክላችሁ ሲያብብ፣ ለአበባ ዱቄት አንድ ወንድ ትታችሁ የቀረውን ወንድ ንቀሉ።

ፍራፍሬውንም ቢሆን ሣጥኑን ወይም ማዳበሪያውን ሳታስገለብጡ አትክፈሉ፤ ጥሩው ከላይ ነው የሚደረደረው። ማንጎው ዙሪያውን አንድ ዓይነት ቢጫ ሆኖ ሽታ ከሌለውና ስትጫኑት ድርቅ ካለ ፍሬን በግድ በሚያበስለው ኬሚካል፣ በካርባይድ የበሰለ እንደሆነ ጠርጥሩ። ብርቱካን ላይ ግን ሰው በራሱ ይሸወዳል፤ በሞቃት አገር ብርቱካን በስሎም ቆዳው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፣ ቢጫ የሚያደርገው የሌሊት ብርድ ነው። ከቀለሙ ይልቅ ክብደቱን አይታችሁ ግዙ።

በስልክ «በኋላ እልክልሃለሁ» ብሎ በቴሌብር ቀብድ ለሚጠይቅ ደላላ አትላኩ። ችግኙን በዓይናችሁ ሳታዩ ከላይ የተባለው ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው። የሚሻለው ወደ ችግኝ ጣቢያ ገብቶ የእናት ዛፉን አሳዩን ማለት ነው፤ የት እንዳሉ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይነግራችኋል። በአካባቢው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ስላለ ስለ ዝርያ የምትጠይቁት ሰው አይጠፋም። ሥራውን አክብረው የሚያዳቅሉ ገበሬዎች ሞልተዋል፤ እነሱ «ፍታው» ሲባሉ ራሳቸው ይፈቱታል።

ስትመለሱ ችግኙን ከሚኒባሱ ጣራ ላይ ሳትሸፍኑ አታስሩት፤ ነፋሱ ቅጠሉን አድርቆ ያደርሰዋል። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቀድሞ ይቆፈር፤ የላይኛው አፈር ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ መልሶ ይግባ። ከረጢቱ ተቀዶ ይወጣ። መገናኛው ፈጽሞ ከአፈር በታች አይቀበር። ለማንጎ ከ8 እስከ 10 ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፤ ጠባብ ግቢ ከሆነ አንድ ይበቃል። ጊዜው ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ነው።

ተታላችሁ የገዛችሁት ካለ አትንቀሉት። ግንዱ እርሳስ ካከለ እዚያው ሊዳቀል ይችላል። አድጎ ዛፍ ከሆነም አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ተቆርጦ አዲስ የሚያቆጠቁጠው ላይ ይዳቀላል። የሚያዳቅል ባለሙያ አስመጡና፣ ፍሬውን ቀምሳችሁ ከወደዳችሁት ዛፍ እርሳስ የሚያክል፣ ጫፉ ሊያቆጠቁጥ ያበጠ ቅርንጫፍ አስቆርጡ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዕለቱ፣ ቢዘገይ በማግስቱ አድርሱለት።