የኤአይ ረዳት ስትመርጡ፦ ጎበዙን ሳይሆን ስህተቱ የሚያዘውን

«ቻትጂፒቲ ይሻላል ወይስ ጀሚናይ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም መልሼ «ሲሳሳት በምን ታውቅበታለህ?» እላለሁ። ጥያቄን በጥያቄ መመለስ እንደማያስደስት አውቃለሁ፤ ነገር ግን የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ረዳቶች ሁሉም ይሳሳታሉ፣ ሲሳሳቱም አይንተባተቡም። የሌለ ሕግ፣ ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ማንም ያልቆረጠው ቀን ዓይናቸውን በጨው አጥበው ይነግሯችኋል። ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸው በብልህነታቸው ሳይሆን በሁለት ነገር ነው፦ ሥራችሁ ያለበት ድረስ ይመጣሉ ወይ? ስህተታቸውንስ ብዙ ሳትደክሙ ትይዙታላችሁ ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ ላይ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ፈጽሞ ያልነበሩ ስድስት የፍርድ ውሳኔዎችን ጠቀሱ። ዳኛው በጠበቆቹና በቢሯቸው ላይ 5,000 ዶላር ቅጣት ጣለ። እኔን የሚገርመኝ ቅጣቱ አይደለም። አንደኛው ጠበቃ ጥርጣሬ ገብቶት «ይህ ፍርድ እውነተኛ ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ የጠየቀው ግን ያንኑ ቻትጂፒቲን ነው። «አዎ» አለው። ሌባውን ለምስክርነት እንደመጥራት ነው።

አራቱ አጠቃላይ ረዳቶች

ዋጋውን ቶሎ እንለፈው። ቻትጂፒቲ ፕላስ፣ ክሎድ ፕሮና የጀሚናይ የግል ጥቅል ሁሉም በወር 20 ዶላር ገደማ ናቸው፤ ሁሉም በነጻ የሚሞከሩበት በርም አላቸው። ስለዚህ ዋጋ አይለያቸውም። የምትከፍሉት በዋናነት ለጠንካራው ሞዴል (መልሱን ለሚያመነጨው ፕሮግራም) እና ከፍ ላለ የአጠቃቀም ገደብ ነው። በቀን ሦስት አራት ጥያቄ ለሚጠይቅ ሰው ነጻው ይበቃል፤ «ገደብህን ጨርሰሃል» የሚለው መልእክት በሳምንት ሁለቴ ሥራ ካላቋረጠባችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ቻትጂፒቲ ኖቬምበር መጨረሻ 2022 ላይ ሲወጣ መንገዱን የከፈተ ነው፤ ዛሬም ሁሉን በጥቂቱ የሚችለው እሱ ነው። በድምፅ ታዋሩታላችሁ፣ ምስል ይሠራል፣ የሠንጠረዥ ፋይል ብትሰጡት ራሱ የፓይተን ኮድ (ኮምፒውተር የሚያስኬደው መመሪያ) ጽፎ ያሰላል። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ቁምነገር አለው። ሞዴሉ ቁጥርን «በቃሉ» ሲደምር ሊሳሳት ይችላል፤ ኮድ ጽፎ ሲያስኬደው ግን ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል፣ ኮዱንም ከፍታችሁ ታያላችሁ። ሌሎቹም ይህን ይችላሉ። የትኛውንም ብትመርጡ ሒሳብ ያለበት ሥራ ሲሆን «በኮድ አስላው» በሉት።

ጀሚናይ የጉግል ነው፤ በ2023 ባርድ ተብሎ ወጥቶ በፌብሩዋሪ 2024 ስሙን ቀየረ። ኢሜይላችሁ ጂሜይል፣ ፋይሎቻችሁም ድራይቭ ላይ ከሆኑ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልጋችሁም። እዚያው ኢሜይሉን ያጠቃልላል፣ እዚያው ዋናውን ደብዳቤ ከፍታችሁ ታመሳክራላችሁ። በጣም ረጅም ሰነድ በአንዴ በመቀበልም የታወቀ ነው።

ክሎድ (አንዳንዱ «ክላውድ» ይለዋል፤ ያኛው በእንግሊዝኛ ደመና ማለት ነው) ከአንትሮፒክ የመጣ ሲሆን በ2023 ለሕዝብ ተከፈተ። ረጅም ጽሑፍ ለማረምና ኮድ ለመጻፍ የሚመርጡት ብዙ ናቸው። ፎቶ የሚመስል ምስል ግን አይሠራላችሁም፤ ፖስተር አዘጋጅ ከሆናችሁ ሌላ ፈልጉ።

ኮፓይለት የማይክሮሶፍት ነው። በግል የምትገዙት ዕቃ አድርጌ ላወራው አልፈልግም፤ ጥቅሙ የሚታየው መሥሪያ ቤታችሁ ወርድ፣ ኤክሴልና ቲምስ ላይ የሚሠራ ሲሆን ነው። አለቃችሁ ከገዛው ተጠቀሙበት፤ ካልገዛው ከላይ ካሉት አንዱ ይበቃል።

የራስ ሰነድ አንባቢና ኢንተርኔት ፈላጊ

ለእኔ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው፤ ገዢዎች ግን ብዙም አያዩትም።

የጉግሉ ኖትቡክኤልኤም ከምትሰጡት ሰነድ ላይ ብቻ ተመሥርቶ እንዲመልስ የተሠራ ነው። በነጻው አንድ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ እስከ 50 ምንጭ ይይዛል፦ ፒዲኤፍ፣ ድረ ገጽ፣ የዩቲዩብ ቪዲዮ፣ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ሁሉ። በመልሱ ውስጥ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ፤ ቁጥሩን ስትነኩት መልሱ የተወሰደበት አንቀጽ ራሱ ይከፈታል። ውሉን፣ መመሪያውን ወይም የመማሪያ ጽሑፉን ለያዘ ሰው ከዚህ የቀለለ ማመሳከሪያ አላገኘሁም። ድክመቱም ከጥንካሬው ይመጣል፦ ያልሰጣችሁትን አያውቅም፣ የተሳሳተ ሰነድ ከሰጣችሁትም ስህተቱን በጥንቃቄ ጠቅሶ ያቀርብላችኋል።

ፐርፕሌክሲቲ በተቃራኒው ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ከነማስፈንጠሪያው (ወደ ምንጩ ገጽ የሚወስደው ሊንክ) ይመልሳል። ትናንት የወጣ ደንብ ወይም የዕቃ መረጃ ለሚፈልግ ጥሩ ነው። አሁን አራቱም አጠቃላይ ረዳቶች ኢንተርኔት ላይ መረጃ ስለሚፈልጉ ግን የብቻው የነበረው ጥቅም ሳስቷል፤ ለእሱ ብቻ ተብሎ ተጨማሪ 20 ዶላር መክፈል አይታየኝም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ማስፈንጠሪያ ስላለ ብቻ እውነት አይሆንም። እኔ ራሴ ከእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ አንዱ (ስሙን ልተወው) የሰጠኝን ቁጥር ሪፖርት ውስጥ ላስገባ ስል ገጹን ከፈትኩት። ገጹ አለ፣ ቁጥሩም አለ፤ የሌላ ዓመት ቁጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሜን የምጽፍበት ሥራ ላይ የሚገባን ቁጥር ሁሉ ከፍቼ አያለሁ። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል።

| ሥራችሁ | ቀድማችሁ የምትሞክሩት | ስህተቱን የምትይዙበት |
|---|---|---|
| በእጃችሁ ያለ ሰነድ ማጥናት | ኖትቡክኤልኤም | ቁጥሩን ነክቶ አንቀጹን ማየት |
| ዝግጁ ጽሑፍ ማረም፣ ደብዳቤ | ክሎድ ወይም ቻትጂፒቲ | ሐሳቡ የእናንተው ስለሆነ ስታነቡት |
| ቁጥርና ሠንጠረዥ | ቻትጂፒቲ | በኮድ አስልቶ፣ ሁለት መስመር በእጅ መፈተሽ |
| ኢሜይልና ስብሰባ | ፋይላችሁ ያለበት፣ ጀሚናይ ወይም ኮፓይለት | ከዋናው ደብዳቤ ጋር ማመሳከር |
| ምሥጢር ያለበት ጽሑፍ | በራስ ኮምፒውተር የሚሠራ | ከባድ ነው፤ ከታች አለ |

ለተማሪ ሲሆን

ቱርክ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የሒሳብ ሙከራ አለ፤ ውጤቱ የወጣው በ2024 ነው። አንደኛው ቡድን ተራ ቻትጂፒቲ የሚመስል ረዳት ተሰጠው፤ በልምምድ ጊዜ ውጤቱ በ48 በመቶ ተሻለ። ሌላው ቡድን መልሱን ሳይሆን ፍንጭ ብቻ የሚሰጥ ረዳት ተሰጠው፤ በ127 በመቶ ተሻለ። ቀጥሎ ረዳቱ ተነጥቀው ተፈተኑ። የመጀመሪያው ቡድን ረዳት ጨርሶ ካልነበራቸው ተማሪዎች በ17 በመቶ አንሶ ተገኘ። ፍንጭ ብቻ ሲያገኝ የነበረው ግን ያን ያህል አልተጎዳም።

ስለዚህ ለተማሪ ኩባንያውን ከማማረጥ የአጠቃቀም ስልቱን መምረጥ ይበልጣል። በ2025 ሦስቱም ለዚሁ የሚሆን ስልት አመጡ፦ ቻትጂፒቲ የጥናት ስልት፣ ጀሚናይ የተመራ ትምህርት፣ ክሎድ የመማር ስልት። ሐሳባቸው አንድ ነው፤ መልሱን ከመስጠት ይልቅ «እስኪ አንተ ምን ይመስልሃል?» እያሉ ይወስዷችኋል። ሲደክማችሁ በአንድ ጠቅታ አጥፍታችሁ «መልሱን ብቻ ንገረኝ» ማለት ትችላላችሁ፤ በዚህ ረገድ ሦስቱም እኩል ደካሞች ናቸው። ወላጅ የሆናችሁ ክፍያውን ከመፈጸማችሁ በፊት ልጃችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ አንድ ጥያቄ በዚህ ስልት ሲሠራ እዩት።

ለመምህራን ደግሞ አጭር ምክር፦ «ይህ ጽሑፍ በኤአይ የተጻፈ ነው» ብሎ የሚለይ መሣሪያ አትግዙ። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ላይ ሞከሯቸው፤ መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን ኤአይ የጻፈው ነው አሉ። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ የእኛ ተማሪ ከእነዚሁ ተራ የሚመደብ ነው። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይም የራሱን መለያ በዚያው ዓመት ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘግቶታል።

ምሥጢርን ስለማስገባት

«ስለከፈልኩ የምጽፈው ደኅና ነው» የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው። ወሳኙ ድንበር በነጻና በተከፈለበት መካከል ሳይሆን በግል አካውንትና በድርጅት አካውንት መካከል ነው። የድርጅት ውል ብዙውን ጊዜ ንግግራችሁ ለሞዴል ማሠልጠኛ እንደማይውል ይደነግጋል። በግል አካውንት ግን ወርሃዊ ብትከፍሉም ይህን ማጥፋት የእናንተ ፋንታ ነው፤ ቻትጂፒቲም ክሎድም ሴቲንግ ውስጥ ማጥፊያ አላቸው። በጀሚናይ ደግሞ የንግግሮቹን ናሙና ሰዎች ሊያዩት እንደሚችሉ ጉግል ራሱ ጽፏል። ሳምሰንግ በ2023 ሠራተኞቹ የውስጥ ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፈው ከተገኙ በኋላ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከለከለ። እነዚያ ሠራተኞች ተንኮለኞች አልነበሩም፤ ሥራ ሊያቀሉ ፈልገው ነው።

ከዚህ ለመራቅ የሚፈልግ ሰው እንደ ላማ፣ ጀማ ወይም የዲፕሲክ ትንንሽ ቅጂዎች ያሉ ክፍት ሞዴሎችን ኦላማ ወይም ኤልኤም ስቱዲዮ በሚባሉ ፕሮግራሞች አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር ማስኬድ ይችላል። ኢንተርኔቱን ነቅላችሁም ይሠራል። (የዲፕሲክ መተግበሪያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ውሂቡ ቻይና ባሉ ሰርቨሮች ይቀመጣል።) መጠነኛ ላፕቶፕ 8 ቢሊዮን ፓራሜትር (የሞዴሉ መጠን መለኪያ) አካባቢ ያለውን ያስኬዳል፤ እሱ ደግሞ ከትልልቆቹ ይልቅ በብዛት ይሳሳታል፣ ምንጭም አይጠቅስላችሁም። ምሥጢራችሁን ለመጠበቅ ስትሉ ብዙ ስህተት ትቀበላላችሁ ማለት ነው። የደንበኛ ስምና ቁጥር አጥፍቶ፣ «ሀ» እና «ለ» ብሎ ለትልቁ ሞዴል መስጠት ብዙ ጊዜ የተሻለ መንገድ ነው።

አማርኛ ላይ

ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚያነቡት ቶክን በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው። ቆራጩ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሠለጠነ ስለሆነ የአማርኛ ቃል ወደ ብዙ ቁራጭ ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ሐሳብ ገደባችሁ ቶሎ ያልቃል። በዚያ ላይ «አልነገረችኝም» የምትለው አንዲት ቃል ውስጥ አድራጊው፣ ተቀባዩ፣ ጾታውና አሉታው ሁሉ ታጭቀዋል። እኔ በየጊዜው የምይዘው ስህተት እዚሁ ላይ ነው፦ በ«እርስዎ» የጀመረው ደብዳቤ መሐል ላይ «አንተ» ይላል፣ ሴትዮዋ ወንድ ሆና ትጨርሳለች። ትልልቆቹ ካለፉት ዓመታት በጣም ተሻሽለዋል፤ ትንንሾቹ ክፍት ሞዴሎች ግን አማርኛ ላይ ገና ናቸው። በአማርኛ የምትሠሩ ከሆነ የእንግሊዝኛ የደረጃ ሠንጠረዥ አይታችሁ አትግዙ።

ፈተናው ቀላል ነው። ጠንቅቃችሁ የምታውቁትን፣ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ሁለት ገጽ ውሰዱ። ለቻትጂፒቲ፣ ለጀሚናይና ለክሎድ ነጻ ቅጂዎች ስጧቸውና «አጠቃልለው» በሏቸው፤ ቀጥሎ ሰነዱ ውስጥ የሌለ ነገር ጠይቋቸው። «ይህ እዚህ የለም» ያለውን ያዙት፤ አሳምሮ የመለሰላችሁን ተጠንቀቁት። መክፈል ካስፈለገም በወር ይሁን። የዓመቱ ቅናሽ ቢያጓጓም ሞዴሎቹ በየጥቂት ወሩ ስለሚቀያየሩ ዛሬ የበለጠው በመንፈቁ ሁለተኛ ሊሆን ይችላል፤ የወር ክፍያ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ይቋረጣል።