የጾም ምግብ፣ ዓሳ፣ እንቁላል ወይስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት? ሥጋ ቀንሶ ክብደት ለመቀነስ የቱ ያዋጣል

ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ ሱሪው የጠበበው ሰው አታውቁም? እኔ ብዙ አውቃለሁ። 55 ቀን ሥጋ አልነካም፣ ወተት አልቀመሰም፣ እንቁላል አላየም። ለፋሲካ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ወይ እዚያው ነው፣ ወይ ጨምሯል። ሰውየው ግራ ይገባዋል። ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ሥጋው ከገበታው ሲነሳ በቦታው ምን እንደተቀመጠ ማየት ነው።

መንገዶቹን ከማወዳደራችን በፊት አንድ ሒሳብ እንሥራ። ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ ጥሬውን 100 ግራሙ 150 ካሎሪ ገደማ ነው። ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲንም አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ለብቻው 120 ካሎሪ ነው። ፕሮቲን የለውም፣ አያጠግብም። ለመሆኑ ወጥ ሲሠራ ዘይቱን በማንኪያ የሚለካ ማን አለ? ከጠርሙሱ ይንቆረቆራል፣ አለቀ። አንድ ድስት ወጥ ውስጥ አምስት ማንኪያ ገብቶ አራት ሰው ቢበላው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከዘይቱ ብቻ 150 ካሎሪ ደረሰው ማለት ነው። በያይነቱ ሲሆን ደግሞ ሰባት ስምንት ዓይነት ወጥ አለ፤ ሁሉም የየራሱን ዘይት ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ እኔ መንገዶቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሥጋው ሲቀር ምን ያስበላችኋል?

ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ

ይህ መንገድ ከሁሉም በላይ ለእኛ ይመቻል። አዲስ ነገር መግዛት የለም፣ አዲስ ምግብ መልመድ የለም። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ስር የትም አለ። ከሥጋም በብዙ ይረክሳል። የጥራጥሬው ነገር ደግሞ አይናቅም። የበሰለ ምስር 100 ግራሙ 116 ካሎሪ ገደማ ሆኖ፣ 9 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም የሚጠጋ ፋይበር አለው። ፋይበር ሥጋ ውስጥ የለም። ረሃብ ቶሎ እንዳይመጣ ከሚያደርጉት አንዱ እሱ ነው።

በ2021 የታተመ አንድ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በኬቪን ሆል የተመራ ነው። 20 ሰዎችን ተቋሙ ውስጥ አስቀምጠው ለሁለት ሁለት ሳምንት ሁለት ዓይነት ምግብ አበሏቸው። አንዱ ስብ በጣም ያነሰበት የዕፅዋት ምግብ ነው። ሌላው ሥጋና ስብ የበዛበት፣ እህል ነክ ነገር ያነሰበት። «እስክትጠግቡ ብሉ» ነው የተባሉት። የዕፅዋቱን ሲበሉ በቀን ወደ 700 የሚጠጋ ካሎሪ ቀንሰው በሉ፤ ማንም ሳይከለክላቸው። ጥናቱ አጭር ነው፣ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። ግን አንዷን ቃል እንዳታልፏት፦ ስብ በጣም ያነሰበት። የእኛ የጾም ምግብ የዕፅዋት ነው፤ ስቡ አነስተኛ ነው ወይ ቢባል ግን ዘይቱ አናቱ ላይ የተንሳፈፈበትን ወጥ ማየት ይበቃል።

መፍትሔው ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላሉት። መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉት። በርበሬውንም እንደዚያው በውሃ አብስሉት። ዘይቱን መጨረሻ አካባቢ፣ በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። ጊዜ ይወስዳል፣ አጠገቡ መቆምም ይፈልጋል። ግን ለአራት ሰው ወጥ ሁለት ማንኪያ በቂ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አዚፋ፣ ቲማቲም ሰላጣና ንፍሮ ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ ዘይት አይጠይቁም።

ሁለተኛው ወጥመድ መክሰሱ ነው። ሳምቡሳ ጾም ነው። ቦምቦሊኖ ጾም ነው። ፓስቲ ጾም ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ በዳቦም ጾም ነው። ለውዝ ጥሩ ምግብ ቢሆንም 100 ግራሙ ከ560 ካሎሪ ይበልጣል፤ ወሬ እየተወራ ስንት እንደተበላ አይታወቅም። ክብደት የሚጨምረው ጿሚ አብዛኛውን ጊዜ ቀን የራበውን በእነዚህ የሚያካክስ ነው።

ዓመቱን ሙሉ በዚህ ለመኖር የሚያስብ ሰው ቫይታሚን ቢ12ን ማሰብ አለበት። የእንስሳት ምግብ ውስጥ ነው የሚገኘው። ሰውነት ለዓመታት የሚሆን ስለሚያከማች የሁዳዴ ጾም ብቻውን ጤነኛውን ሰው አይጎዳም። ለዓመታት እንቁላልም ወተትም ያልነካ ሰው ግን እንክብሉን ይውሰድ፣ ምርመራም ያድርግ። እጥረቱ በድካምና በእጅና በእግር መደንዘዝ ሊመጣ ይችላል። ብረትም አለ። ምስሩ ውስጥ ብረት አለ፤ ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ከሚያደርጉት ነገሮች መካከል ግን ቡናና ሻይ አሉ። ምሳ እንደተበላ ቡና ማፍላት ልማዳችን ነው፣ አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ብታዘገዩት ይሻላል። ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ከምግቡ ጋር ቢኖር ደግሞ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ለመውሰድ ያግዛል።

ሥጋን ለሳምንቱ መጨረሻ መተው

እንደ እኔ ለብዙው ሰው የሚሆነው ይሄ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለጿሚው አሉለት። እሱ ላይ ሰኞና ማክሰኞን መጨመር ነው። ሙስሊም አንባቢ ሰኞና ሐሙስን ሊመርጥ ይችላል። ሥጋው ቅዳሜና እሁድ ይመጣል፤ በልክ።

ልኩ ስንት ነው? የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ የሚበላ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ ይመክራል። አሁን ልኳንዳ ቤት ያለውን ሥርዓት አስቡት። «ለሁለት አንድ ኪሎ ቁርጥ» ተብሎ ይታዘዛል፣ ግማሹ ጥብስ ይሁን ይባላል፣ ቢራው ይከተላል። በአንድ ቁጭታ የሳምንቱ ድርሻ አለቀ። በዚህ መንገድ ክብደት ያልቀነሰ ሰው ካለ ሰኞን ሳይሆን እሁድን ይመርምር።

ሌላው ጥሩ ዘዴ ሥጋን ማጣፈጫ ማድረግ ነው። ቦዘና ሽሮ ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ ትንሽ ሥጋ ብዙ ሽሮን ያጣፍጣል። ጎመን በሥጋም እንደዚያው። ቅቤውን ግን ልብ በሉ። ንጥር ቅቤ በማንኪያ ከዘይት የሚያንስ አይደለም። ክትፎን ከባድ የሚያደርገውም ቀይ ሥጋው ሳይሆን ቅቤው ነው።

የዚህ መንገድ ድካሙ የቀን መቁጠሪያው ላይ መንጠልጠሉ ነው። በዓለ ሃምሳ ሲገባ ረቡዕና ዓርብም ይፈሰካል፣ ፍሬኑ ይለቃል። ቅበላ ሲመጣም «ነገ ጾም ነው» እየተባለ የሚበላው ሌላ ጉድ ነው። የራሳችሁን ቀን ለይታችሁ ብታስቀምጡ ይሻላል።

እንቁላል፣ አይብና እርጎ

ለማይጾም ወይም ከጾም ውጭ ላለ ሰው ቀላሉ ይሄ ነው። የቢ12 ጭንቀት ይቀንሳል። አንድ እንቁላል 70 ካሎሪ ገደማና 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ቁርስ ላይ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከትንሽ ዳቦ ጋር የበላ ሰው እስከ ምሳ ፓስቲ አያምረውም። ፍርፍር ከሆነ ግን እንደገና ወደ ዘይቱ ሒሳብ ተመለስን።

አይብን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ያለ ጥፋቱ ነው። የቤት አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠ በኋላ ከሚቀረው አሬራ ስለሆነ ስቡ ትንሽ ነው። አይብ በጎመን ለክብደት ቀናሽ ሰው ከሚቀርቡ ምግቦች ሁሉ ጥሩው ነው ብል አላጋነንኩም፤ ቅቤ ካልተጨመረበት። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ፒዛ ላይ የሚቀልጠው ቺዝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ስባም ነው።

ዓሳ

በካሎሪ ብቻ ከሄድን አሸናፊው ዓሳ ነው። ቆሮሶ ጥሬውን 100 ግራሙ ከ100 ካሎሪ በታች ነው፣ ፕሮቲኑ ደግሞ 20 ግራም ያህል። ቢ12ም አለው። ሐዋሳ፣ ዝዋይ፣ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ ላላችሁ ሌላ ምክር አያስፈልጋችሁም። አዲስ አበባ ላይ ግን ዋጋውም ይወጣል፣ ትኩስነቱም ያጠራጥራል። ስትገዙ ስንጥቡ፣ ማለትም ጭንቅላቱ ጎን ያለው መተንፈሻው፣ ቀላ ያለ መሆኑን፣ ዓይኑም ወደ ውስጥ አለመግባቱን እዩ። ሙሉውን ከገዛችሁ አጥንትና ጭንቅላት ብዙውን ኪሎ ስለሚወስድ፣ ዋጋውን ከተለቀመው ሥጋ ጋር አወዳድሩ።

ችግሩ አሠራሩ ነው። የዓሳ ጥብስ ስንል ሙሉ ዓሳ ዘይት ውስጥ ጠልቆ የወጣ ማለታችን ነው። ለብለብ፣ ጉላሽ ወይም ሾርባ እዘዙ። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት

ይሄ ስለ ምን መብላት ሳይሆን ስለ መቼ ነው። ፈረንጅ አሁን እንደ አዲስ ግኝት ይሸጠዋል፤ አያቶቻችን ሲያደርጉት ኖረዋል። ይሠራል ወይ? በ2022 የታተመ የቻይና ጥናት ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን 139 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ሁሉም ካሎሪ ቀንሰዋል። ግማሾቹ በተጨማሪ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ተደረገ፤ የእኛ ጾም ጠዋቱን ሲዘጋ የእነሱ ማታውን ነው የዘጋው። ሰዓት የጠበቁት በአማካይ 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱ ግን አስተማማኝ ነው ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። የቀነሱት በዋናነት ካሎሪው በመቀነሱ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱ የሚረዳው ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት የሚቃምሰውን ሰው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተርቦ ሁለት ሙሉ እንጀራ የሚያነሳውን አይረዳም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ሐኪም ሳያማክሩ አይሞክሩት። በተለይ ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበሉ መቆየት አደገኛ ነው።

በገንዘብ የሚገዙት

አጠር ላድርገው። «ማቅጠኛ ሻይ» አትግዙ። ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚወጣው ውሃ ነው፣ ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል። አሜሪካ ያላችሁ እንደ ቢዮንድ በርገር ያሉትን ሥጋ መሰል ነገሮች ሱፐርማርኬት ታያላችሁ። በአንድ ቁራጭ ከ200 ካሎሪ በላይ ናቸው፣ ጨውም አላቸው። ለበርገር አምሮት ጥሩ ናቸው፤ ከእናታችሁ ምስር ወጥ ጋር ግን አይወዳደሩም። የፕሮቲን ዱቄትም ጂም በርትቶ ለሚሠራ ሰው ካልሆነ ይቅር፤ በገንዘቡ የወር ሽሮና ሽምብራ ይገዛል።

ለእኔ ደረጃው እንዲህ ነው። መብላት ለሚወድና ማኅበራዊ ሕይወቱ በዝቶ ለሚኖር፣ ሥጋን ለሳምንቱ መጨረሻ መተው። ለብቻው አብስሎ ለሚበላ፣ እንቁላልና አይብ። ለጿሚ የጾም ምግቡ ራሱ፤ ዘይቱ ተለክቶ። የትኛውንም ብትይዙ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጥሩ ፍጥነት ነው። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባላችሁን አትመኑ።

ምሳ ውጭ የምትበሉ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በያይነቱ አዛችሁ «ዘይት ቀንሱልኝ» ብትሉ አስተናጋጇ ፈገግ ትላለች እንጂ የምታደርገው የለም። ወጡ ጠዋት ተሠርቶ አልቋል። ሽሮ ተጋቢኖ ግን እዚያው፣ እናንተ ካዘዛችሁ በኋላ ነው የሚንተከተከው። «ዘይት በጣም ትንሽ፣ ቃሪያ ይብዛ፣ ጎን ሰላጣ» በሉ። እንጀራውም አንድ ይበቃል፤ ጭማሪው ሳይጠየቅ ከመጣ እጅ ሳይነካው መልሱት።