ለጎልፍ ጂቲአይ አዲስ ቸርኬና ጎማ፦ ኦዜድ ኡልትራሌጄራ ከሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ጋር

ፍርዴን ከፊት ልንገራችሁ። ቸርኬውን ወድጄዋለሁ፤ ጎማውን ደግሞ ከቸርኬውም አብልጬ ወድጄዋለሁ። የገጠመልኝን ጋራዥ ግን ሁለተኛ አልረግጠውም።

መኪናዋ የ2016 የፎልክስዋገን ጎልፍ 7 ጂቲአይ ናት፤ የምነዳት ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ከፋብሪካ የመጣችበት የ18 ኢንች ቸርኬ ክፋት የለውም፣ ክብደት እንጂ። ዊንተር ሲመጣ ጎማ መቀየር እዚህ አገር ስለማይቀር፣ አሮጌውን ቸርኬ የዊንተር ጎማ አልብሼ ለሰመር ቀለል ያለ ልግዛ አልኩ። በቤት ሚዛን አንድ አንድ ሳስቀምጣቸው የፋብሪካው ከአዲሱ በሁለት ኪሎ ገደማ ይከብዳል። ሁለት ኪሎ ምን አላት ትሉ ይሆናል። መኪናው ውስጥ ብትጭኗት አዎ፣ ምንም አይደለችም። ከሞላው በታች ሆና ከጎማ ጋር የምትሽከረከር ስትሆን ግን ጉድጓድ ላይም ማርሽ ስትቀይሩም ታውቋታላችሁ።

ቸርኬ የሚመረጠው በቀለም ሳይሆን በቁጥር ነው። ጂቲአይ አምስት ብሎን አላት፤ ቀዳዳዎቹ የሚያርፉበት ክብ 112 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ካልገጠመ የቀረው ወሬ ነው። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ፎቶውን እንዳየ «አሮጌውን ለኔ ላክልኝ» አለ። የሱ ቪትስ አራት ቀዳዳ በ100 ናት፣ ያውም በብሎን ሳይሆን በዳዶ የምትታሰር። ይህን ስነግረው «ችግር የለም፣ እናስበሳዋለን» አለኝ። ቀልዱን ይሁን የምሩን እስካሁን አላወቅኩም።

ሰው ብዙ የሚሳሳተው ኢቲ ላይ ነው። ኢቲ ማለት ቸርኬው መኪናው ላይ የሚለጠፍበት ፊት ከወርዱ መሃል ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። የፋብሪካው 7.5 ኢንች ወርድ፣ ኢቲ 49 ነው። እኔ የገዛሁት ኦዜድ 8 ኢንች፣ ኢቲ 48። ሲሰላ የቸርኬው ጠርዝ ወደ ውጭ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 5 ገደማ ይገባል። ይኼ ከፓራፋንጎውም ከሾኩም ጋር አይጣላም። በዚያው ወርድ ኢቲ 35 ብትገዙ ግን ወደ ውጭ የሚወጣው 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለዓይን ያምራል፣ አልክድም። ግን ጎማው ከፓራፋንጎው ወጥቶ ከታየ የጀርመን ተቆጣጣሪ አያሳልፈውም፤ ሰው ጭናችሁ ጉብታ ስትወጡም ይፋጫል።

የኦዜዱ መሃል ቀዳዳ 75 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጎልፍ ግን 57.1። ክፍተቱን የምትሞላ ቀለበት አለች። ይህቺ ቀለበት ከቀረች ቸርኬው በትክክል መሃል ላይ ላይቀመጥ ይችላል፤ ከዚያ ፍጥነት ስትጨምሩ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባለመኪናው ደግሞ ባላንስ ነው እያለ ከጎሚስታ ጎሚስታ ሲዞር ይከርማል።

አሁን ወደ ጋራዡ። ልጁ ቸርኬውን አንጠልጥሎ የፋብሪካውን ብሎን ሲያነሳ «ቆይ፣ ቆይ» አልኩት። «ሁሉም ኤም14 ነው» አለኝ፤ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው ማለቱ ነው። ጥርሱ አንድ ነው፣ በዚያ አልዋሸም። ግን የፎልክስዋገን ብሎን ቸርኬው ላይ የሚያርፈው አንገቱ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ኦዜዱ የሚቀበለው ሾጣጣ ነው። ክቡ ሾጣጣው ውስጥ ሲገባ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ሲጠብቅ የጠበቀ ይመስላል፣ ሲነዳ ይላላል። ትክክለኛዎቹ ብሎኖች ከቀለበቶቹ ጋር በትንሽ ካርቶን ተቀምጠው ነበር፤ ካርቶኑን ከፍቶ ያየ ሰው አልነበረም። እነሱን ካወጣሁለት በኋላ ደግሞ በአየር መፍቻ ጠርጠር አድርጎ ሊጨርስ አሰበ። የማጥበቂያው ኃይል 120 ኒውተን ሜትር ነው፣ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ ይጠብቅ ብዬ ቆምኩ። ፊቱን አጨማዶ አደረገው።

በዚህ አላበቃም። ደረሰኙ ላይ አራት የንፋስ ሴንሰር ተጽፎ ጠበቀኝ። ጎልፍ 7 ጎማ ውስጥ ሴንሰር የላትም፤ ንፋስ መቀነሱን የምታውቀው በኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ በሚያደርገው ሥርዓት በኩል የጎማዎቹን ዙር እያነጻጸረች ነው። ንፋሱን ሞልቶ ከስክሪኑ ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። አሰርዣቸው ወጣሁ።

ጎማው 225/40 ዜድአር 18፣ 92ዋይ ነው። 225 ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ 40 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ በመቶኛ፣ 18 የቸርኬው ኢንች ነው። 92 ማለት አንዱ ጎማ 630 ኪሎ ይሸከማል፣ ዋይ ማለት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቀድለታል ማለት ነው። መጠኑ ከፋብሪካው ጋር አንድ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም። 235/40 ብታስገቡ ዲያሜትሩ 8 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ ለኔ ጥቅሙ አልታየኝም። 19 ኢንች ካልሆነ የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። በ18ቱ ላይ የጎማው ጎን 90 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ225/35 አር 19 ግን 79 ይሆናል። በዚህ ከተማ የትራም ሐዲድና የድንጋይ ንጣፍ ላይ ያቺ 11 ሚሊ ሜትር ቸርኬያችሁንም ወገባችሁንም ታተርፋለች።

ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ዝናብ ላይ የሚያስደንቅ ነው። በኤ5 አውራ ጎዳና ወደ ዳርምሽታት ስወርድ፣ የጭነት መኪናዎች ውሃውን እየረጩ፣ መሪው ጸጥ እንዳለ ይቆያል። ጂቲአይ የምትጎተተው በፊት ጎማ ስለሆነ በድሮው ጎማዬ ከአደባባይ ስወጣ ነዳጅ ከሰጠኋት እርጥብ መንገድ ላይ ትንሸራተት ነበር፤ አሁን ይዛ ትወጣለች። ፍሬኑም ሲረገጥ ቶሎ ይነክሳል። ጎኑ ላይ ያለው ከፈይ የሚመስል ጥቁር ቀለበት ጌጥ ነው እንጂ ሥራ የለውም፤ ግን በጣት ሲነካ ደስ ይላል። የሰመር ጎማ መሆኑን ብቻ እንዳትረሱ። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ወረድ ሲል ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጠዋት ጠዋት መንሸራተቱ ይታወቃል። በዊንተር የበረዶ ቅንጣት ያለበት የተራራ ምልክት ያለው ጎማ ያስፈልጋችኋል።

ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ለቸርኬው ከመክፈላችሁ በፊት ጉትአኽተኑን፣ ማለትም ቸርኬው ለየትኛው መኪና እንደተፈቀደ የሚያሳየውን የባለሙያ ወረቀት ጠይቁ። የናንተ መኪና ዓይነት ከነጎማ መጠኑ እዚያ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። መኪናው ሰነድ ላይ የሌለ ቸርኬ ያለ ፈቃድ ገጥሞ መንዳት የመኪናውን የመንገድ ፈቃድ ያሳጣል፤ አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንስ ጋር የሚመጣውን ጣጣ አስቡት። ለኔ ቲዩፍ፣ የመኪና ምርመራው ድርጅት ላይ፣ ቀላል ነበር። ሰውየው ቸርኬው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳከረ፣ መኪናዋን በአንድ የፊትና በአንድ የኋላ ጎማ ከፍ አድርጎ አቆማት፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞረ የሚነካካ ነገር እንዳለ በባትሪ አየ። የለም። ፈረመልኝ።

ቅሬታዬ በቸርኬው ላይ ሁለት ነው። ዘንጎቹ ቀጫጭንና ብዙ ስለሆኑ የፍሬኑ ጥቁር ብናኝ በመካከላቸው ይጋገራል፤ በእጅና በትንሽ ብሩሽ ካልሆነ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ዘንጎቹ እስከ ጠርዙ ስለሚደርሱ ከእግረኛ መንገድ ጋር ትንሽ ብትተሻሹ የሚጫረው ከንፈሩ ብቻ አይደለም። ጎማው የቸርኬ መከላከያ ጠርዝ አለው፣ ግን በ8 ኢንች ወርድ ላይ ስለሚለጠጥ ብዙም አይሸፍነውም። እኔ ግቢ ውስጥ የራሴ ማቆሚያ አለኝ። መንገድ ዳር ጠርዝ አስጠግታችሁ የምታቆሙ ከሆነ ሌላ ቸርኬ ፈልጉ፤ ጎማውን ግን ሳታመነቱ ውሰዱት።